አንዲት ሽንኩርት ይዤ ወደ ሻንቶ

ዓርብ፣ ጉዞ

ከአዲስ አበባ ወደ ወላይታ ሶዶ የተነሣሁት አንዲት ሽንኩርት በካርቶን ታቅፌ ነው። ለወጥ የምትሆን እንዳትመስላችሁ! የአማሪሊስ አበባ ሽንኩርት ናት። ቀዩን ከነጩ እያዳቀልኩ ስድስት ዓመት ለፍቼ፣ ዘንድሮ አንዷ ብቻ የበሰለ ፓፓያ ቀለም ያለው አበባ አወጣች። ደስታዬን ሳልጨርስ ሥሯ መበስበስ ጀመረ። ከሞተች ቀለሙም አብሯት ሊጠፋ ነው። ጨነቀኝና ሶዶ አቅራቢያ ሻንቶ ለሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር ደወልኩ። ጋሽ ዳና ይባላሉ፤ እሳቸውም አበባ ያዳቅላሉ። «ይዘሻት ነይ» አሉኝ።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ከቡታጅራ እስከ ሆሳዕና ካርቶኔን ሲሰልል ቆየ።

«ምንድን ነው?»

«ሽንኩርት።»

«አንድ ብቻ? ይሄን ያህል ተወዷል እንዴ?»

ሶዶ ስንደርስ ዳሞታ ተራራ ደመና ለብሷል። መናኸሪያው አጠገብ ቆጮ በዳጣ በላሁ። ቃሪያው እንባዬን አወረደው፤ እኔ ግን ደግሜ አዘዝኩ። እዚያው አደርኩ።

ቅዳሜ፣ ሻንቶ

ከሚኒባስ ወርጄ ባጃጅ ጠየቅኩ። ሹፌሩ መቶ ብር ብሎ፣ ወደ አበባው መምህር እንደምሄድ ሲሰማ ሰማንያ አደረገልኝ።

የጋሽ ዳና ግቢ ከፊት አበባ፣ ከጓሮ እንሰት ነው። እሳቸው ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልለው፣ ከቀዩ አበባ ቢጫውን ዱቄት አንስተው ነጩን አስነኩት። ከዚያ አገዳው ላይ ክር አሰሩ። የሚያፈራው ዘር አባቱ ማን እንደሆነ የሚያውቁት በክሩ ቀለም ነው።

«የሷንም ዘር ይዣለሁ» አልኩ። «ብትሞት እንኳ ከዘሯ አበቅላለሁ።»

«አይሆንም ልጄ። ዘር ሌላ ልጅ ነው። የእኔ ልጆች መቼ እኔን ይመስላሉ? ያንኑ ቀለም ከፈለግሽ ከራሷ ገላ ነው መውጣት ያለበት። ቆርጦ ማብዛት ይቻላል ይባላል፤ እኔ ግን ደፍሬ አላውቅም።»

ወደ በረንዳው ስንመለስ ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ እዚያ የተውኩትን ካርቶን ከፍተዋል። በእጃቸው ቢላዋ አለ። ሽንኩርቷ አራት ቦታ ተከፍላለች።

«ወይኔ ጉዴ! ስድስት ዓመቴን!» ብዬ ጮህኩ።

ወይዘሮ ማርታ የገረማቸው ጩኸቴ ነው። «በስብሷል አላችሁ፤ የበሰበሰውን ጣልኩ። እንሰት ሳይቆረጥ ይወልዳል እንዴ? ሥሩን ከፍለን እንቀብራለን፤ ከዚያ ብዙ ልጅ ይወጣል። እሷም አይሞትም።»

አማርኛቸው እንደ ባለቤታቸው አበቦች ወንዱን ከሴቱ ያዳቅላል። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ዕለት ግን እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«አንድ ብቻ ነበረችኝ እኮ!»

«ቢላዋ የሚፈራው አንድ ብቻ ያለው ሰው ነው» አሉና ቁራጮቹን አመድ ነስንሰው ጥላ ውስጥ አሰጡ።

ጋሽ ዳና አንዱን ቁራጭ አንስተው አገላበጡ። «ሁሉም ከሥሩ ደርሷቸዋል፤ ሊያቆጠቁጡ ይችላሉ» አሉ ቀስ ብለው። «አርባ ዓመት ሙሉ እንሰት ስትቆርጥ አያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ለአበባ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም!»

እሑድ፣ መልስ

ሁለቱን ቁራጭ እነሱ ጋ ትቼ ሁለቱን ይዤ ተመለስኩ። እስከ ሆሳዕና እየተናደድኩ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ምን ይሆን እያልኩ ማታ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀበርኳቸው። ከዚያማ በየጠዋቱ አጎንብሼ ማየት ሥራዬ ሆነ።

ሰባተኛው ሳምንት ላይ ስልክ ጮኸ። ወይዘሮ ማርታ ናቸው።

«ስንት ወለደ?»

«ሦስት!» አልኩ። «የእርስዎስ?»

«አምስት። ሲያድጉ ደግሞ ቁረጪያቸው።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ቀለም ፍለጋ አበባ ከአበባ ሳገናኝ፣ የገዛ አገሬን የእንሰት ቢላዋ ረስቼው ኖሬያለሁ። ሲያድጉ እቆርጣለሁ።