ጋሽ ይማም ያልጠገኑት መብራት

ልጅ ሳለሁ፣ ቡራዩ እኛ ሰፈር፣ ከጅብም ከሞትም አብልጠን የምንፈራው የአንዲት አሮጌ ፒካፕ ግራ መብራት ነበር። ባለቤቷ የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ ጋሽ ይማም ናቸው፤ ጎረቤታችን፣ የእናቴ ሱቅ ደንበኛ፣ የሰፈሩም አንደኛ ውሸታም። ያኔ መብራት ከሚኖርበት ምሽት የሚጠፋበት ይበዛ ስለነበር፣ የሰፈር ልጆች ጋራዣቸው ግቢ ገብተን በባህር ዛፍ ፍም ዙሪያ እንኮለኮላለን፤ እሳቸውም ከአንድ ያረጀ ባትሪ በሁለት ሽቦ ትንሽ አምፖል ያበሩና፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ የግራሶና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ልብሳችን ውስጥ እየገባ፣ ያወሩልናል።

ወሬያቸው ብልሽት ፍለጋ ነው። «መኪናዋ ቆማለች፣ ቁልፉ ኪሴ ነው፤ ግራ መብራቷ ቦግ! ፊውዙን አየሁ፣ ደህና ነው። ማብሪያውን ነቀልኩ፣ አልጠፋችም። ባትሪውን አውርጄ አልጋዬ ሥር ደበቅኩ፤ ተመልሼ ባይ…» እዚህ ላይ ማናችንም አንተነፍስም። «በርታለች! እንግዲህ ማን አበራት?» የሚያበራት የለም፤ ራሷ ለሞት የምትወስደውን ሰው እያየች ነው። አንድ የሱሉልታ ሯጭ አይታ፣ ሰውየው ሊያመልጣት እስከ ጎጃም ሮጦ፣ አባይ በረሃ ላይ ደረሰችበት። «ውሸት ከሆነ ጢሜን ልላጭ!» ይሉና አምፖሏን አንስተው ካንዳችን ፊት ይደቅናሉ። «ዛሬ ደግሞ አንተን ሳታይህ አልቀረችም።» ያ ልጅ ሱሪውን ያረጥባል፤ እሳቸው እስኪያስላቸው ይስቃሉ። ጨካኝ ነበሩ። ታላቅ ወንድሜ ቶሌራ አሥራ አራት ዓመቱ ነበርና አልፈራም ይል ነበር፤ በጋራዡ በር ሲያልፍ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያልፈው።

ክፋቱ መብራቷ የምር ራሷ ትበራ ነበር። እኔም በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ።

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፣ ታክሲ የሚባል ጠፋ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ተማሪዎቹ እየጮሁ ወጡ፤ ቶሌራም አብሯቸው ሄደ። ተኩስ ሰማን። ወንድሜን ጓደኞቹ በተነቀለ በር ላይ ተሸክመው አመጡት፤ ጥይት ጭኑን በስቶት ደሙ ከበሩ ጠርዝ ይንጠባጠባል። እናቴ ጋራዡ ድረስ በባዶ እግሯ ሮጠች፤ ልጆቹም እሱን እንደተሸከሙ ተከተሏት።

«ማሎ ኦቦ ይማም! እባክዎ! ልጄን! ሆስፒታል አድርሱልኝ!»

ጋሽ ይማም የፒካፗን ኋላ ከፍተው፣ ክፍት የነበረውን ኮፈኗን በጥድፊያ ድርግም አድርገው ሲዘጉት፣ ግራ መብራቷ ቦግ አለች። ልክ ቶሌራ ላይ። ወንድሜ ጮኸና የግቢውን በር ብረት በሁለት እጁ ጨበጠ።

«እሷ ላይ አልወጣም! እዚሁ ልሙት!»

አሥር ጎረምሳ ቢጎትተው ከብረቱ አልተላቀቀም። እሺ፣ አራት ይሆናሉ። በጎተቱት ቁጥር ደሙ ይብስ ስለሚፈስ ግን ተዉት።

ጋሽ ይማም ኮፈኗን መልሰው ከፈቱና ከመብራቷ ጀርባ ሁለት ሽቦ መዘው አሳዩት። «እየኝ ልጄ። ይሄኛው ከባትሪ የሚመጣ ነው፣ ይሄኛው ወደ አምፖሉ የሚሄድ። ተፋትገው ተልጠዋል። መኪናዋ ስትነቃነቅ ይነካካሉ፣ ትበራለች። በቃ ይኸው ነው!» ለያዩዋቸው፣ ጠፋች፤ አነካኳቸው፣ በራች።

«ካወቁ ለምን አልጠገኑትም?» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ።

«ለወሬው ብዬ ነዋ! ውሸት ከሆነ ጢሜን ልላጭ!»

ባይምሉ ይሻል ነበር። ቶሌራ ከንፈሩ ነጥቶ፣ «አንቱማ ያዘዟትን ትሰማለች» አለ፣ ብረቱንም አጥብቆ ያዘ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ፊቷን ትቧጭራለች።

ያኔ የሽማግሌው ፊት ሲለወጥ አየሁ። የፍሙ ዳር ፊታቸው መጣ። ጎንበስ ብለው በዚያው በምሽት ድምፃቸው፣ «እንግዲያው እውነቱን ልንገርህ» አሉት። «ግራ መብራቷ ስትበራ ሹፌሩን ነው የምትወስደው። ሹፌሩ ማነው? እኔ። አንተ ምንድን ነህ? ጭነት። ያየችው እኔን ነው።»

የወንድሜ እጅ ተፈታ።

በድንጋዩ መሀል እየተሽሎከለኩ፣ ነጭ ነጠላ እያውለበለቡ፣ ወታደሩን እየለመኑ አደረሱት። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩን ግን ቆረጡት። እኛም ተመስገን አልን፤ እሱ ግን ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ የጠየቀው፣ «ጋሽ ይማም ሞቱ?» ብሎ ነው። አልሞቱም ስንለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግስቱም ያንኑ፣ በሳልስቱም ያንኑ። እሳቸው ካልተወሰዱ ተራው የሱ ነዋ! ምግብ እምቢ አለ፣ እንቅልፍ እምቢ አለው፣ ትኩሳቱ ወጣ። እህቱ ነኝና ሰውነቱ ሲያልቅ አያለሁ።

ለጋሽ ይማም ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ይማም ሞተ በይው፣ ለሊሴ።»

«በምን ሞቱ ልበለው?»

ይህን ጊዜ ዓይናቸው በራ። «ገፈርሳ ሐይቅ ዳር መብረቅ ወረደበት በይው። መብረቁን ባንድ እጁ ይዞ ታገለው…»

«ጋሽ ይማም፣ አያምነኝም። ተኝተው ቀሩ እለዋለሁ።»

«ተኝቶ ቀረ? እንዲህ ያለ ሞት ለኔ ያንሰኛል!» አሉ፤ የምር ከፋቸው። ግን እሺ አሉ።

ለቶሌራ ተኝተው ቀሩ፣ ዘመዶቻቸው አገራቸው ወስደው ቀበሯቸው አልኩት። ጣራውን አየ። «እሰይ» አለ። እዚያው እንቅልፍ ወሰደው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም መብላት ጀመረ። ጋሽ ይማም በሳምንቱ ጋራዡን ዘግተው ሰበታ ልጃቸው ቤት ገቡ፤ ወንድሜ በክራንች ወደ ቤት ሲመለስ እንዳያያቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበትን ሰፈር ዳግመኛ ላይረግጡት።

ቶሌራ ዛሬም ሞተዋል ብሎ ያምናል። እኔ ሰበታ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን እንዳለ ነው፤ ገና ሳልቀመጥ የምጠየቀውን አውቀዋለሁ።

«ስሞት እንዴት ሆነ?»

እኔም እጀምራለሁ። ቡራዩ ሱቁን ሁሉ ዘጋ፣ መኪናው ሁሉ በቀን መብራት አብርቶ ተሰለፈ፣ ቶሌራ ለሦስት ቀን እህል አልቀመሰም፣ ስምዎን እየጠራ አለቀሰ እላቸዋለሁ። ጢማቸውን እየዳበሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ስጨርስ፣ «ጨምሪበት እስቲ» ይላሉ። እጨምራለሁ። ከዚያ ፍም ዳር የቀረልኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ ለሰው ወሬ መጨመር አውቅበታለሁ።

ቶሌራ «እሰይ» ማለቱን ግን አልነገርኳቸውም።