አባዬ የማያጠፋው ሰርቨር

ቅጠል መርገፍ ጀምሮ የግድግዳውን ማሞቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳበራ፣ በጋውን ሙሉ የተኛበት አቧራ ሲግል የሚያወጣው ሽታ አለ። ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው መስኮት ይከፍታሉ። እኔን ግን ያ ሽታ ይዞኝ የሚሄደው ኦስሎ ውስጥ፣ ብሪን አጠገብ ወደነበረችው ጠባብ ቤታችን ነው፤ ሳሎኗን ሦስት ኮምፒውተሮች ወርሰዋት፣ እኛ እንደ እንግዳ ጥግ ጥጉን ይዘን ወደኖርንባት ቤት። ዛሬም ሳስበው ራሴን ያመኛል።

አባዬ ቀን ቀን አውቶቡስ ይጠግናል። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ብሪን ያሉት መሥሪያ ቤቶች የጣሏቸውን ኮምፒውተሮች እየለቀመ፣ «ይሄ እኮ ገና ነፍስ አለው» እያለ ተሸክሞ ይመጣል። ከብዙ ሬሳ ሦስት ሕያው አወጣ። በእነሱም ላይ የቤተ ክርስቲያናችንን መዝሙሮችና ማስታወቂያዎች በአማርኛ ፊደል አስቀምጦ፣ በርገንና ስታቫንገር ያሉ ምዕመናን በስልክ መስመር ገብተው እንዲያነቡ አደረገ። ሁሉም አመሰገነው፤ ያመሰገኑት ሁሉ ግን አብረውት አይኖሩም ነበር።

አንደኛው ማሽን እንደ ትንኝ ሲጢጥ ይውላል፣ ሁለተኛው እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል፣ ሦስተኛው ጎኑ ተከፍቶ ማራገቢያው እየተንገጫገጨ፣ የፈላ ድስት ክዳን የመሰለ ድምፅ ያወጣል። ቴሌቪዥኑን ከእነሱ በላይ እናስጮኸዋለን፣ እኛ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ በላይ እንጮኻለን። ትምህርት ቤት አስተማሪዬ ለምን ሁልጊዜ እንደምቆጣ ስትጠይቀኝ ግራ ገባኝ፤ እኔ እኮ ማውራቴ ነበር። ከሁላችንም የባሰባት ግን እማዬ ናት። ሲከየም በሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ስትሠራ አድራ ጠዋት ትገባለች፣ የምትተኛውም እኛ ስንወጣ ነው። ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ወተፈች፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለች፣ እስከ ቀትር ብቻ እንዲያጠፋላት ለመነች። አባዬ ግን የመሠዊያ እሳት እንዲጠብቅ የታዘዘ ይመስል መልሱ አንድ ነበር፦ «ሰርቨር ነው፣ አይጠፋም።»

ከበታቻችን አቦይ ተኽለ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ድሮ አዲስ አበባ የሠሩ ስለሆኑ አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው። በደረጃው ስንገናኝ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርገው ስለ ትምህርቴ ይጠይቁኝ ነበር። በኋላ ኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት ገጠሙና፣ ግሮንላንድ በሚባለው የኦስሎ ሰፈር ገበያ ላይ ተቃቅፈው ይሳሳሙ የነበሩ ሰዎች አንዱ ሌላውን ሲያይ መንገድ መሻገር ጀመሩ። አቦይ ተኽለና እኛም አንገታችንን ደፍተን እንተላለፍ ጀመር።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። እማዬ ገና ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። አቦይ ተኽለ ናቸው፤ እማዬ ስታያቸው ፊቷ ተለዋወጠ፣ ስለ ጦርነቱ ሊጣሉን የመጡ መስሏት። ሽማግሌው ግን ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ይቅርታ ጠይቀው፣ ከላይ የሚመጣው ጉርምርምታ ምን እንደሆነ፣ አልጋቸው ድረስ እየነዘራቸው እንደተቸገሩ በትሕትና ተናገሩ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ እንባዋ መጣ። ያንን ጩኸት ከእሷ ሌላ የሚጠላ ሰው መኖሩን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ለካ ሁለት ሕዝብ በተኳረፈበት ዓመት እነዚህ ሁለት ሰዎች የጋራ ጠላት ነበራቸው፤ ሳሎን አስገብታ አሳየቻቸው።

ማሽኖቹን አንድ በአንድ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ጓለይ፣ ልጄ፣ አንቺማ ከኔ የባሰ ነው ያለብሽ» አሏት። ቀን ቀን ግሮንላንድ ከጓደኞቻቸው ጋር እንደሚውሉ፣ ቤታቸው ከላይ ከሚመጣው በቀር ጸጥ ያለ እንደሆነ፣ ጓዳቸው ደግሞ ከእኛ ሳሎን ርቆ በሌላው በኩል ስለሆነ ምንም እንደማይሰማበት ነገሯት። ቁልፉንም ሰጧት። ከዚያ ወዲያ እማዬ ጠዋት ትራሷን ይዛ እየወረደች መተኛት ጀመረች። ስትወጣ ሳህናቸውን አጥባ ትመጣለች፤ እሳቸው ደግሞ ሻይ በቴርሞስ አፍልተው ይተዉላት ነበር።

ወሬው ግን አልቆየም። ከቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ ቤታችን መጡና፣ በዚህ ጊዜ ሚስቱ ኤርትራዊ ቤት መተኛቷን ሰዎች እያነሡት እንደሆነ፣ ወደ ቤቷ እንዲመልሳት አባዬን መከሩት። ማሽኖቹ እየጮኹ ስለነበር ሁለቴ መናገር ግድ ሆነባቸው። አባዬ ወደ ማሽኖቹ ዞር ብሎ፣ «ሚስቴን ከቤቷ ያስወጣት ሰውየው አይደለም። እኔ ነኝ» አለ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ሦስቱንም ነቅሎ ጉባኤያችን ወደሚከራየው አዳራሽ የዕቃ ክፍል ወሰዳቸው። የሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሙቀቱ ያጠቆረው ቦታ ቀረ። እማዬ በራሷ አልጋ ላይ እንደ ድንጋይ ተኛች። እኔም አንደኛ ደረጃ ከገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝግታ አወራሁ።

ከሳምንት በኋላ እኔና እማዬ ከገበያ ስንመለስ አቦይ ተኽለን ደረጃው ላይ አገኘናቸው። ጺማቸው አልተላጨም። ደህንነታችንን ጠይቀው ቴርሞሳቸውን እያገላበጡ ቆሙ። ከጣሪያቸው በላይ ምንም እንደማይሰማ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። እማዬ አየቻቸው።

«አቦይ፣ ያ ማሽን ዛሬም አላስተኛ ብሎኛል። ነገ ልውረድ?» አለቻቸው።

ሽማግሌው ቀና ብለው ወደ ቤታችን ተመለከቱ፤ የሚያዳምጡ መሰሉ። «አዎ፣ እኔንም እየረበሸኝ ነው» አሉ። «ነይ፣ ውረጂ።»

ልጃቸው ወደ ትሮንድሄም እስከወሰደቻቸው ድረስ እማዬ ስትወርድ ኖረች። አባዬ ትራሷን ይዛ ስትወጣ ባገኛት ቁጥር በሩን ይከፍትላት ነበር። አባዬም፣ እማዬም፣ አቦይ ተኽለም አሁን በሕይወት የሉም።

ዛሬ ቤቴ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች መብራታቸውን ካላየሁ መሥራታቸውንም አላውቅም። ማንም ጩኸት አስመርሮት በሬን አንኳኩቶ አያውቅም። ከበታቻችን የሚኖረው ሰው ስሙ በሩ ላይ ተጽፏል፤ ስንት ዓመት ሳልፈው ቆሜ አንብቤው አላውቅም።