በመስኮት ምን ይታያል?

በበጎ አድራጎት ድርጅታችን ስልክ ደዋይዋን የማይወዳት የለም። ከሰው ጋር መስማማት የማይሆንልኝ እኔ ሹፌሩ እንኳ ለእሷ ሲሆን አንደበቴ ይለሰልሳል። ሥራዋ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን በየማለዳው እየደወለች እንዴት እንዳደሩ መጠየቅ ነበር። ደህና ነዎት ወይ ሲባል "አሞኛል" ብሎ ሰው የሚያስቸግር አረጋዊ የለም። ስለዚህ እሷ "ዛሬ በመስኮት ምን ይታያል?" ትላቸዋለች። ተነስቶ መስኮቱ ጋ መድረስ ያቃተው በዚህ ይታወቃል። ያኔ ወደ እኔ ዞር ብላ "መኪና አስነሳ" ትለኛለች።

ኋላ ተረጂው በዛ፤ እሷ ደግሞ አንድ ናት። ሥራ አስኪያጁ በራሱ የሚደውል የኮምፒውተር ሥርዓት አስገባ። ክፉ አስቦ አይደለም፣ ለሁሉም ይድረስ ብሎ ነው። ድምፁን የቀዳችው ራሷ ደዋይዋ ናት፤ ያችኑ ጥያቄዋን ከነሳቋ። ስልኩ ተነስቶ ሰው ከተናገረ ኮምፒውተሩ ስሙን አረንጓዴ ያደርገዋል። የተናገረውን ይቀዳል እንጂ አይረዳም። ይህን ማናችንም ልብ አላልንም። ስክሪኑ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሲሆን ጭራሽ አጨበጨብን፣ እኔንም ጨምሮ።

ከሁሉም አብልጣ የምትወዳቸው አንዲት ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናቷ ከሞተች ወዲህ "እማ" የምትለው እሳቸውን ብቻ ነው። አንድ ጠዋት አከራያቸው ደውሎ አልጋቸው ላይ ሞተው እንዳገኛቸው ነገረን። ስማቸው እስከ ዋዜማው ድረስ አረንጓዴ ነበር።

ደዋይዋ የተቀዳውን መልሳቸውን ካልሰማሁ አለች። "ይቅርብሽ እህቴ" ብላት አሻፈረኝ አለች፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የራሷ ድምፅ ጠየቀ፣ ሳቀም። ከዚያ እሳቸው መለሱ።

"መስኮቱ ጋ መድረስ አቃተኝ ልጄ። እስቲ ብቅ በይ።"

"በሉ ደህና ይዋሉ፣ ነገ እደውላለሁ" አለ የእሷው ድምፅ።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። በመጨረሻው ቀን ድምፃቸው ሰልሎ ነበር።

"ሥራ በዝቶብሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግድ የለም ልጄ፣ ድምፅሽን ሰማሁ አይደል።"

ደዋይዋ አላለቀሰችም፤ ወደ እኔ ዞረች።

"መኪና አስነሳ" አለችኝ።

የምንደርስለት ሰው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ወጣሁ።