የአባቴን ስም ይዤ

ስሜን በፍርድ ቤት ለመለወጥ ስወስን ያስጨነቀኝ ዳኛ ፊት መቅረቡ አልነበረም፤ አባቴ ነበር።

ወንድ ልጅ ተብዬ ነው የተወለድኩት። ሴት መሆኔን ለራሴ ካመንኩ ቆይቷል፤ ለቤተሰቦቼ የነገርኳቸው ግን ሠላሳን ልደፍን ስል፣ እዚህ ውጭ አገር፣ ፌደራል ዌይ በሚባል ከተማ ባለው ቤታቸው ሳሎን ቁጭ ብለን ነው። እናቴ አለቀሰች፣ ብዙ ጸለየች፣ ከዚያ እየተሳሳተችም ቢሆን «አንቺ» ማለት ጀመረች። አባቴ አላለቀሰም፣ አልተቆጣም። «አንተ» ማለቱን ተወ፤ «አንቺ»ም አላለኝም። ሲደውል «ምሳ ተበላ?» ይለኛል። «ቤት ተገባ?» ይለኛል። አማርኛ እንዲህ ለመሸሽ ይመቻል፤ የሚበላውም የሚገባውም ማን እንደሆነ ሳይናገሩ መጠየቅ ይቻላል። ከዓመት በላይ በዚሁ ቋንቋ አወራን።

እኔ የምኖረው ማውንት ቤከር በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ነው። የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ፤ እዚያ ሁሉም በአዲሱ ስሜ ይጠሩኛል። ባንክ ስሄድ ግን መታወቂያዬን የተቀበለ ሰው ቀና ብሎ ያየኛል፣ ካርዱን ያያል፣ ደግሞ እኔን ያያል። አንድ ቀን ፋርማሲ ተቀምጬ የድሮ ስሜ በማይክ ተጠራ። አንዲት ሐበሻ ሴት ስሙን ሰምታ፣ ያገሯን ልጅ ፈልጋ ዞረች። እኔ ስነሳ ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ። በዚያው ሳምንት ማመልከቻውን መሙላት ጀመርኩ።

የራሴን ስም ለመጻፍ አላመነታሁም። የአባቴ ስም ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ። አባቴ ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር ውስጥ ሱቅ አለው፤ በርበሬ፣ ሩዝ፣ ነጠላ፣ የልጆች ጫማ ይሸጣል። ጉራጌውም ስልጤውም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በስሙ ነው የሚያውቀው። እኔ ስሙን ይዤ ስዞር ሰው ምን ይለዋል ብዬ አሰብኩ። ሶ፣ እሱን ለማዳን ብዬ በእሱ ቦታ የአያቴን ስም ጻፍኩ። ከሰው እንዳይሰማው ደግሞ ራሴ ልነግረው ወደ ሱቁ ሄድኩ።

ጫማ በየቁጥሩ እየደረደረ ነበር። ነገርኩት። ስለ መጀመሪያው ስም ምንም አላለም።

«ሁለተኛውስ?» አለ።

«እሱንም እለውጠዋለሁ። አባዬ፣ ላንተ ብዬ ነው። ሰው እንዳያስቸግርህ።»

የያዘውን ጫማ ካርቶኑ ላይ ወረወረው። «የኔ ስም ምን አደረገሽ?» አለ ጮክ ብሎ።

«አደረገሽ» የሚለው ቃል ከአፉ የወጣው በንዴት ነው፤ አስቦበት አይደለም። ያለውን እሱም ዘግይቶ የሰማው መሰለኝ፤ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

«ሰው የሚለውን ለኔ ተዪው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባት የለኝም ልትዪ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ስሜን አትንኪው።»

ላቅፈው ፈልጌ ነበር፤ ደንበኛ ገባ። ቤቴ ሄጄ ማመልከቻውን እንደገና ሞላሁት።

ችሎቱ በቪዲዮ ነበር። በዋዜማው አባቴ ኮል አደረገልኝ። «ያ ነገር የት ሆነሽ ነው?» አለኝ። ቤት ነኝ ስለው፣ «ጓደኛሽ ሌሊት ሠርታ ጠዋት ትተኛ የለ? ሱቅ ነይ። የኋላው ክፍል ጸጥ ያለ ነው» አለ።

ስደርስ መኪናውን ከኋላ ፓርክ አድርጎ እየጠበቀኝ ነበር። የሩዙን ጆንያ ወደ ጎን ገፍቶ ወንበር አዘጋጅቷል። ካርቶኑ እንዳይታይ ደግሞ ከወንበሩ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ ነጭ ነጠላ ወጥሯል። «ዳኛ ፊት ነው የምትቀርቢው» አለኝ። ከዚያ ሄዶ የሱቁን በር ቆለፈ።

ተራዬ ሲደርስ ዳኛዋ ቀኝ እጄን አስነስታ አስማለችኝ። ስሜን የምለውጠው ሰው ለማታለል ወይም ከሕግ ለማምለጥ እንዳልሆነ አረጋገጥኩላት። ምክንያቴን ስትጠይቀኝ የተለማመድኩት ረጅም መልስ ጠፋብኝ። «ሴት ስለሆንኩ ነው» አልኩ። አባቴ በሩ ጋ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። እንግሊዝኛ በደንብ ይሰማል።

ዳኛዋ አዲሱን ስሜን በትክክል አነበበችው፤ የአባቴን ግን ሰባበረችው። «በትክክል ጠራሁት?» አለችኝ። ምንም አይደለም ልላት ስል አባቴ ከኋላዬ መጥቶ ጎንበስ አለ። «ይቅርታ፣ ክብርት ዳኛ» ብሎ ስሙን ቀስ አድርጎ ነገራት። ደገመችው። አሁንም ትንሽ ሳተችው። «እንደገና» አላት። እዚህ አገር ከመጣ ጀምሮ ሐኪሙም ባንኩም እንደፈለገ ሲጠራው «ኦኬ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ነው።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለችው ፈገግ ብላ።

«አባቷ ነኝ» አለ።

ዳኛዋ ሁለቱን ስሞች አንድ ላይ አነበበች፣ ፈቀደች፣ ወደሚቀጥለው ባለጉዳይ አለፈች። እንደዚህ አጭር ነው። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እጄን ወደ ነጠላው ስሰድ አየኝ።

«በሱ አትጥረጊ፣ የሚሸጥ ነው» አለና ሶፍት አቀበለኝ።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም። አባቴ ሲደክመው አሁንም «አንተ» ይለኛል፤ አንዳንዴ ይታወቀዋል፣ አንዳንዴ አይታወቀውም። ከድሮ ደንበኞቹ አንዱ መምጣት አቆመ። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሱ ትንፍሽ አላለም። ቡታጅራ ላሉት አጎቶቼ እስካሁን አልተነገራቸውም፤ መቼ እንደሚነገራቸው እኔም እሱም አናውቅም።

አዲሱ መንጃ ፈቃድ በፖስታ ሲመጣ ወስጄ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ካርዱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየው።

«ምነው እንዲህ ተኮሳተርሽ?» አለኝ።

«ፎቶ ሲያነሱኝ ፈርቼ ነበር።»

«ምኑን?»

ካርዱን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ።

«በሚቀጥለው ሳቂ» አለና ካርዱን መለሰልኝ።