ኢቃማው የነበረበት ገጽ

አብረን ያደረግነው የመጨረሻ ነገር ንባብ ነው። ዓርብ ነበር፣ ሥራ የማንገባበት ቀን። እኔ ምስር እለቅማለሁ፤ ባለቤቴ ጥበቃ ከሚሠራበት ከአል-ጣኢፍ ሰፈር ቪላ የሰጡትን አሮጌ የእንግሊዝ ቴአትር ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብልኛል። በግፍ የተገደለ ሰው መንፈስ ወደ ወንድሙ ይመጣል፤ ገዳዩን ይነግረዋል፤ ደሜን መልስልኝ ይለዋል።

«ለምን ዳኛ ዘንድ አይሄድም?» አልኩት።

«ዳኛው ጉቦ በልቷላ። ዳኛ ሲሸጥ ሙት ራሱ ይመጣል።»

«እኛ ዘንድ ቢመጣ ጠበል ነበር የምንረጨው።»

«እኔ የመጣሁ እንደሆነ በባልዲ አድርጊው፣ በዚህ ሙቀት።»

ውኃ መጣና ሊቀዳ ተነሣ። ገጹ እንዳይጠፋው ብዬ ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁትን መጽሐፉ መሐል ከተትኩ። ኢቃማው ነበር፣ የመኖሪያ ፈቃዱ።

በማግስቱ ጠዋት ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል፣ ድልድዩ አጠገብ አፈሳ ያዘው። ደውሎ «ኢቃማዬን አምጪልኝ» አለኝ። ሣጥኑን፣ ፍራሹን፣ የልብሱን ኪስ ሁሉ በረበርኩ። መጽሐፉ ትዝ ያለኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ኢቃማውን መዝዤ ወደ ጣቢያው ሮጥኩ።

የጣቢያው መኮንን ኢቃማውን አየና ኪሱ ከተተው። የሻይ ጠየቀኝ። ባለቤቴ ከውስጥ ድምፄን ሰምቶ «እንዳትሰጪው፣ ወረቀቴ ሕጋዊ ነው» አለ። አስም አለበት፤ ሲናገር ደረቱ ያፏጫል። ቢሆንም ልሰጥ ቦርሳዬን ስከፍት መኮንኑ በእሱ ተናዶ «ቡክራ» አለኝ፤ ነገ።

በነጋው አስከሬኑን ሰጡኝ። ወረቀቱ «የተፈጥሮ ሞት» ይላል። ልከስ ስሄድ አቤቱታ ተቀባዩ ያው መኮንን ሆኖ አገኘሁት። ቁጭ በይ አለኝ፣ በትሕትና። ኢቃማውን እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።

የማኅበራችን ሴቶች «ለታቦቱ ስጪው» አሉኝ። የሰው ዳኛ ሲጠፋ በደለኛን ለታቦት መስጠት ከአገር ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። በሰማዕቱ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የነፍስ አባቴ በሩ ላይ አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ መጀመሪያ እጅሽን እዪ። የራሱ በደል ያለበት ሰው ከሰጠ፣ ነገሩ ወደ ሰጪው ይዞራል።»

«እኔ ምን በደል አለብኝ፣ አባ?» ልላቸው ስል መጽሐፉ ትዝ አለኝ። ግማሽ ቀን ሙሉ የፈለግሁትን ኢቃማ የደበቅሁት በገዛ እጄ ነው። ሴቶቹ ውጭ ይጠብቁኛል። ተሳልሜ ተመለስኩ።

መጀመሪያ ሰሞን በሕልሜ እንዲመጣ እጸልይ ነበር፤ እንደ ቴአትሩ መጥቶ ገዳዩን እንዲነግረኝ። አሁን እንዳይመጣ እጸልያለሁ። ቢመጣ ማንን እንደሚጠራ አላውቅም። መኮንኑን በመንገድ አየዋለሁ። ወፍሯል።

ኢቃማውን ስመዝዝ ገጹ ጠፋ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ዓርብ ዓርብ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ የት ላይ እንዳቆመ ለማግኘት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነባለሁ።