የመገበሪያው ስንዴ

ዛሬ ጠዋት ከምግብ ቤቴ ጓሮ፣ ከፍጉ ክምር ላይ የተተከለውን ዱላ ነቅዬ ጫፉን በመዳፌ ጨበጥኩት። ይሞቃል። የጋሸና ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል፤ በዚህ ሰዓት የመኪናው መስታወት ሁሉ ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድረው፤ ሾፌሮቹ ሻይ የሚያዙት ከመጠጣቱ ይልቅ ብርጭቆውን ለማቀፍ ነው። እኔ ደግሞ በሚበሰብስ የበግ በጠጥና የጎመን ግንድ እሞቃለሁ። ክምሩ ሲገለበጥ የሚወጣው እንፋሎት ላላወቀው ይከረፋል ተብሎ ይፈራል እንጂ በወጉ የተከመረ ፍግ አይከረፋም፤ የመጀመሪያው ዝናብ የነካው አፈር ነው የሚሸተው። ያንን ሽታ ያሸተተ ሌላ ሰው እኔ የማውቀውን ቢያውቅ ያለቅስ ነበር መሰለኝ። እኔ ዱላውን መልሼ ተክዬ ወጥ ላማስል ገባሁ።

ዱላ መትከሉን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ የእሱ ፍግ ግን የበግ አልነበረም።

ያደግኩት ከገነተ ማርያም ወዲህ ባለ ተዳፋት ላይ፣ በድንጋይ ክብ ቤት ውስጥ ነው። መሬታችን ጠባብ፣ ጠጠሩ የትየለሌ ነበር፤ አባቴ በአረሰ ቁጥር፣ የጥንቶቹ ድንጋዩን ጠርበው ቤተ ክርስቲያኑን አወጡበትና ፍርፋሪውን ለእኛ ጣሉት እያለ ይቀልድ ነበር። ከእኔ በፊት የተወለዱትን ሁለቱን ልጆች ትኩሳት ወስዷቸዋል፤ ማታ ደህና ተኝተው ጠዋት እንደ ምጣድ ግለው የተገኙ ልጆች ነበሩ። እኔ ስወለድ ካሳነሽ ተባልኩ። እናቴ በአራስነቷ ለማርያም ተሳለች፤ ይህችን ካኖርሽልኝ ከቤቴ ሥር ካለው ማሳ የሚገባውን ስንዴ በየዓመቱ ለመገበሪያ አመጣለሁ አለች። መገበሪያ ለቅዳሴው ኅብስት የሚሆነው ስንዴ ነው፤ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ እንክርዳድ የሌለበት። ስለቷ ከሌላ መሬት አይደለም፣ ከዚያች ማሳ ነው። ስንዴው ገባ ማለት እኔ ለዓመቱ ኖርኩ ማለት ነበር፤ በቤታችን ይህንን የማያውቅ አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

እናቴ ሌሊቱ ነግቶ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር እጇን ግንባሬ ላይ ማኖር ነው። ሳትታጠብ፣ ነጠላዋን ሳታነሳ፣ እሳቱን ሳትቆሰቁስ። ሻካራ እጅ ነበር፤ ሽንኩርትና አመድ አመድ ይላል። ትንሽ ታቆየውና «ተመስገን» ብላ ታነሳዋለች። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ እሷማ ቀኑንም አልነበራትም። ጎረቤቶቻችን፣ ይህችን ልጅ በመዳሰስ ብዛት ታሟሟታለች እያሉ ይስቁባት ነበር። እኔ አንዳንድ ቀን ነቅቼም ዓይኔን ጨፍኜ እጠብቃለሁ። ጠዋት ማለት ለእኔ ያ እጅ ነበር።

ታዲያ ማሳዋ ደከመች። የሰው ማሳ ፍግ ያገኛል ቢባልም በእኛ አገር እንጨት የለም፤ የአንዲቷ ላማችን እበት ኩበት ሆኖ ይነድዳል እንጂ ወደ እርሻ አይወርድም። ስንዴው ከዓመት ዓመት እየሳሳ፣ ዘለላው እየቀለለ ሄደ። አንድ ዓመት እናቴ የለቀመችውን ስንዴ በትንሽ ሰፌድ ይዛ ስትወጣ አይቻታለሁ፤ በነጠላዋ ሸፍናው ነበር፣ ሰው እንዳያይባት። ኅብስቱ ከሚጋገርበት ቤተልሔም ተመልሳ ባዶውን ሰፌድ ሰቀለችው። ያን ሌሊት ግንባሬን ብዙ ጊዜ ነካችኝ።

አባቴ ያን ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ሎጅ የሠራ ፈረንጅ ዘንድ ተቀጥሮ ነበር። ፈረንጁ ለእንግዶቹ አሳማ ያረባል። በአገራችን ክርስቲያኑም እስላሙም የሚስማማበት ነገር ቢኖር አንዱ አሳማ ነው፤ በረታቸውን የሚጠርግ ሰው ጠፍቶ ሳለ አባቴ ሥራ ሥራ ነው ብሎ ገባ። እናቴ የሥራ ልብሱን ከአጥር እንዲያልፍ አልፈቀደችም፤ ወንዝ ወርዶ ታጥቦ፣ ቁምጣውን ካብ ላይ ሰቅሎ ነበር የሚገባው። ስማቸውም አይጠራም፤ በቤታችን የፈረንጁ በጎች ነበሩ። እኔ ምሳውን ሳደርስ አያቸዋለሁ፤ ስሄድ ያውቁኛል፣ ጆሯቸውን አንስተው ይጠብቁኛል። ይህን ግን ለእናቴ አልነገርኳትም፤ አፍሽን ተጉመጥመጪ ማለቷ አይቀርም።

የአሳማ ፍግ ክፉ ነው። እርጥብ ነው፣ ሽታው ልብስ ውስጥ ገብቶ ያድራል፣ ዝም ቢባል ዝንብ ያፈላል፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ምንጭ ይወርዳል። ፈረንጁ አንሱልኝ ይላል፣ የሚያነሳ የለም። አባቴ ከፈረንጁ ያየውን በግማሽ፣ ከራሱ ያወጣውን በግማሽ አድርጎ ከምንጩ ራቅ ባለ ሸለቆ አፍ ላይ ጉድጓድ ቆፈረ። ከታች ገለባ ያነጥፋል፣ በላዩ ፍጉን፣ በላዩ ደረቅ ቅጠልና አመድ፣ እንደገና ገለባ፤ ከዚያ አፈር አልብሶ መሀሉ ላይ ረጅም ዱላ ይተክላል። ዱላው ተነቅሎ ጫፉ ሲጨበጥ ካቃጠለ ሥራው ላይ ነው። ለብ ካለ ርቦታልና ይገለበጥ። ተገልብጦም ካልሞቀ በስሏል። እኔንም አስጨበጠኝ፤ «አየሽ፣ ይህ ትኩሳት መልካም ነው፣ የሚያድን ነው» አለኝ። ዓመት ሙሉ ገለበጠው። መጨረሻ ላይ ጥቁር፣ በእጅ የሚፈረፈር፣ ከአፈር በቀር ምንም የማይሸት ነገር ሆነ። በሰኔ በአህያ ጭኖ አምጥቶ የመገበሪያዋ ማሳ ላይ በተነው። እናቴ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው፤ አፈር ነው አላት። ዋሸ አልልም፣ አፈር ነበር።

የዚያን ዓመቱ ስንዴ! በእኛ ቀዬ እንዲህ ያለ አልታየም። ዛላው ከብዶት ያጎነብሳል፤ መንገደኛ ቆሞ ያያል፤ ልደትን ለማክበር ወደ ላሊበላ የሚያልፉት ተሳላሚዎች ሳይቀሩ፣ አዝመራው ተሰብስቦ ክምሩን ብቻ አይተው፣ የማን ነው ይላሉ። እናቴ በዚያ ሰሞን ዘፈነች። ሲወቃ የሙሽራ ልብስ እንደምታወጣ አድርጋ ነጩን ነጠላዋን ይዛ አውድማው ላይ መጣች፣ ስንዴውን እየዘገነች ወደ ፀሐይ ትይዘዋለች። በጥር፣ ለአስተርእዮ ማርያም ልታደርሰው ነው። አባቴ መንሹን ተደግፎ ሲያያት ቆየ። ዝም ቢል ማንም አያውቅም ነበር። ሆዱ ግን አልቻለም፤ ለእሷ ብሎ ያደረገውን ለማርያም መደበቅ አቃተው።

«ተይው» አላት። «ይህ ስንዴ በአሳማው ፍግ ነው የበቀለው።»

እናቴ የዘገነችውን ቀስ ብላ መልሳ አፈሰሰችውና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ደጋግማ ጠረገች። ከዚያ ወደ ንስሐ አባታችን ሄደች፣ እኔንም አስከትላ።

የንስሐ አባታችን ሽማግሌ ነበሩ፤ ችኩል ፍርድ አያውቁም። ነገሩን ሰምተው ዱላቸውን ይዘው እስከ ጉድጓዱ ድረስ ከእኛ ጋር ወረዱ። ጎንበስ ብለው የተረፈውን ጥቁር አፈር ዘገኑ፣ አሸተቱት፣ በጣታቸው አሹት። ከአባቴ ይልቅ እሳቸው ገበሬ መሰሉኝ።

«እሪያን መብላት ነው የተከለከለው እንጂ አፈሩ ምን አደረገ?» አሉ። «አፈር ያልበላው ምን አለ? እኛንም ይበላናል። አምጪው፣ ልጄ።»

እናቴ መስቀሉን ተሳለመች፣ እሺ አባቴ አለች፣ አመሰገነች። አባቴ ፊቱ በራ። እኔም ተርፌያለሁ ብዬ አሰብኩ። ቤት ስንገባ ግን ነጠላዋን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

«አባታችን ይፍቱት» አለች። «እኔ የተሳልኩት ለእሳቸው አይደለም።»

በዚያ አስተርእዮ ከቤታችን ስንዴ አልወጣም። አባቴ ጭኖ ላሊበላ ገበያ ሸጠው፤ የገዛው ሰው ዳቦ አድርጎ በልቶት ይሆናል፣ ጣፍጦትም ይሆናል። በማግስቱ ጠዋት ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ። እናቴ ተነሳች፣ ነጠላዋን አነሳች፣ እሳቱን ቆሰቆሰች። ወደ እኔ አልመጣችም። በነጋታውም አልመጣችም።

ያን ዓመት እንደ ጉድ ጤነኛ ነበርኩ። ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም። እናቴ ታበላኛለች፣ ታጥበኛለች፣ ጸጉሬን ትሠራለች፤ ግንባሬን ግን እንደ እሳት ትሸሸዋለች። ጸጉሬን ስትሠራኝ ከማጅራቴ ትጀምራለች፣ ፊቴ ጋ ሲደርስ ለጎረቤት ትሰጠኛለች። ሰው ጋ ስቆም ዓይኗ ያልፈኛል፤ የተሰናበተችው ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን አላስቻለኝም፤ ምድጃው ዳር ተቀምጬ ግንባሬን እስኪለበልብ ድረስ አሞቅኩና መደቡ ላይ ተጋድሜ ማቃሰት ጀመርኩ። መጣች። ከበላዬ ቆመች፣ እጇን ዘረጋች፤ በሽፋሽፍቴ መሀል አየሁት። ከዚያ ሰበሰበችውና ወጥታ ካቡን ተደግፋ ቆመች፣ አባቴ ከሥራ እስኪመጣ ድረስ። አባቴ ገብቶ ዳሰሰኝና፣ እሳት ዳር ተቀምጣ ነው፣ ደህና ናት አላት። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችኝም። ከዚያ ወዲህ ሞክሬ አላውቅም።

ማሳዋን ክረምት አጠባት። ከሁለት ዓመት በኋላ ያለምንም ፍግ ተዘራች፣ ያው የሳሳ ስንዴዋን ሰጠች፣ እናቴም በትንሿ ሰፌድ ይዛ ወጣች። ስለቱ ተመለሰ። እኔ አደግኩ፣ አልሞትኩም፣ አገባሁ፣ ፈታሁ፣ ጋሸና ወጣሁ። እጇ ግን አልተመለሰም። መንገዱን የረሳ ይመስለኛል፤ ስሄድ ጉንጬን ትስመኝ ነበር፣ አገላብጣ፣ እንደማንኛውም ዘመድ።

አምና አረፈች። በቀብሩ አላለቀስኩም፤ ሴቶቹ ለእኔ ጭምር አለቀሱልኝ። ከሰልስቱ በኋላ ከአባቴ ጋር ወደ ሸለቆው ወረድን። ሎጁ ቱሪስት በጠፋ ጊዜ ተዘግቷል፣ ጣሪያው ተነቅሏል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሳማ በቅሏል፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ ከአካባቢው ሁሉ ለምልሞ። አባቴ ዳሩ ላይ ተቀመጠ።

«ጠልታሽ አይደለም፣ ካሳዬ» አለኝ። «ትኩሳት እንዳታገኝብሽ ፈርታ ነው። ካልነካችሽ አትታመሚም ብላ ነው።»

እሺ አልኩት። ማልቀስ የሚገባበት ቦታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጠበቅኩት፣ አልመጣም። አባቴ ደግሞ ወዲያው ጓሮዬን አነሳ፤ የበግ በጠጥ ደረቅ ነው፣ ውሃ አርከፍክፊበት፣ ዱላውን ግን አትርሺ አለኝ። አሁንም ሲደውል የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ይሞቃል ወይ ይላል። ይሞቃል እለዋለሁ። ማሳዋን የሚያርሳት የለም፤ ለመገበሪያ የሚሆነውን ከጋሸና ገበያ ገዝቼ እልካለሁ፤ ስንዴ ነው፣ ከዚያች ማሳ ግን አይደለም።

ዛሬ ወጡን አውጥቼ፣ ሾፌሮቹን አብልቼ ስጨርስ እንደገና ወደ ጓሮ ወጣሁ። ዱላውን ነቀልኩ፣ ጨበጥኩ። መዳፌ ሞቀ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ያንኑ መዳፌን አንስቼ ግንባሬ ላይ አኖርኩት፣ እሷ ታቆየው የነበረውን ያህል አቆየሁት። ትኩሳት የለኝም። ያን ጊዜም አልነበረኝም፤ ብትነካኝ ኖሮ ታውቀው ነበር።