የሄለን መርፌ

ልጅ ሳለሁ የሄለንን ያህል የምቀናበት ሰው አልነበረኝም። አሁን ሳወራው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ያንገበግበኝ ነበር እንጂ አያሳፍረኝም። ሄለንና አያቷ አባባ ደምሴ አብነት ሰፈር ካለው ግቢያችን ውስጥ የፊተኛዋን ክፍል ከእናቴ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አባባ ልብስ ሰፊ ናቸው። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ያኔ ደግሞ በየማታው ነበር የሚጠፋው፣ ኩራዝ አብርተው፣ የከሰል ካውያቸውን እፍ እፍ ብለው፣ የሰፉትን ሱሪ እየተኮሱ ለግቢው ልጆች ተረት ያወሩልን ነበር። የጋለው ጨርቅ ሽታ፣ የከሰሉ ጭስ፣ በካውያው ቀዳዳ የምትታየዋ ፍም እስከ ዛሬ ትዝ ይሉኛል።

ተረቱ ግን የሄለን ነበር። ከጅብ ቤት እሳት ሰርቃ የምታመጣው ልጅ ስሟ ሄለን፤ ንጉሡን በነገር የምትረታዋም ሄለን! ከአያቷ አጠገብ ያለችው በርጩማም የእሷ ናት፤ ሌላ ሰው ዝር አይልባትም። አንድ ማታ አላስችል ቢለኝ «አባባ፣ የእኔን ስም ለምን አይጠሩም?» አልኳቸው። «ትዕግስትዬ፣ ለአንቺማ ጅቢቱን አስቀምጬልሻለሁ» ብለው ልጆቹን ሁሉ አሳቁብኝ። እርር ድብን አልኩ።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን የሁለት ሰዓቱ ነገር ነው። ጅቡ በር ላይ ቆሞም ቢሆን፣ የባትሪ ሬዲዮናቸው ማታ ሁለት ሰዓት ሲል አባባ ተረቱን ያቋርጣሉ። ሄለን ከመጋረጃው ጀርባ ትገባለች፤ ከንፈሯን እየጠረገች ስትመለስ ነው የሚቀጥሉት። እኔ ማር የምትልስ ይመስለኝ ነበር። ለእሷ ማር፣ ለእኛ ጥበቃ!

ስድስተኛ ክፍል ሳለን፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አባባ የሄለንን ጆሮ በሱላት። እኔ እናቴን ሁለት ዓመት ሙሉ ለምኜ «ስምንተኛን ስታልፊ» ተብያለሁ። መርፌውን ፍም ላይ አጋሉት፣ ወጉት፣ ቀይ ክር አስገቡላት። ሲጨርሱ መርፌውን በጋዜጣ ጠቅልለው መደርደሪያው ላይ ሰቀሉና «ይኼን ማንም እንዳይነካው፤ እኔ ራሴ እጥለዋለሁ» አሉ። ልብስ ሰፊ ቤት ውስጥ ስንት መርፌ አለ! እኔን ያማረኝ ግን ያ ነው። እንዴት መርፌዋ እንኳ ከሰው መርፌ ተለይቶ ይከበራል? አባባ ልብስ ለማድረስ ወጣ ሲሉ ሰረቅኩት። የእሷ ደም ገና አልደረቀበትም ነበር። ጓሮ ገብቼ ጆሮዬን ወጋሁ፤ ደሜ አንገቴ ላይ ወረደ።

ሄለን ደረሰችብኝ። «የቱ መርፌ ነው?»

«ያንቺው ነዋ!» አልኳት፣ እየተኩራራሁ።

ክው አለች። እጄን ይዛ ወደ እናቴ ጎተተችኝ። ልታሳጣኝ መስሎኝ «አሳባቂ!» እያልኩ ቧጨርኳት። እናቴ ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅም ነበር።

«እትዬ አስቴር» አለች ሄለን፤ «እኔ ደሜ ውስጥ ኤችአይቪ አለ። ከተወለድኩ ጀምሮ ነው። ትዕግስት በእኔ መርፌ ጆሮዋን ወግታለች። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፤ ቶሎ ከተጀመረ የሚከላከል መድኃኒት አለ።»

እናቴ «ወይኔ ልጄን!» ብላ ጮኸች፤ ምስሩ ተበተነ፤ ግቢው በሙሉ ሰማ።

መድኃኒት መኖሩን ሄለን የተማረችው ጤና ጣቢያው እንደ እሷ ላሉ ልጆች በሚያደርገው ስብሰባ ላይ ነው። ሌላም የምታውቀው ነገር ነበር፤ እኔ የሰማሁት በኋላ ነው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ተከራይተው ሳሉ ወሬው ወጥቶ አከራያቸው በአንድ ቀን አስወጥታቸዋለች። ከዚያ ወዲህ አያቷ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» ብለው አስምለዋታል። እሷ ደግሞ የነገረችው ለአከራያቸው ለእናቴ ነው።

ነርሷ «ከሦስት ቀን ካለፈ አይሠራም፤ እናንተ ግን ዛሬውኑ መጥታችኋል፣ አይዟችሁ» ብላ የአንድ ወር ክኒን ሰጠችኝ። ስንመለስ አባባ ደምሴ የስፌት መኪናቸውን በገመድ እያሰሩ ነበር። ሄለን ፍራሹን ጠቅልላ ላዩ ላይ ተቀምጣለች። እናቴ አየቻቸው።

«ምን እያደረጉ ነው አባባ? የልጄን ዩኒፎርም ሳይሰፉልኝ የትም አይሄዱም!»

አባባ ቀስ ብለው ገመዱን መፍታት ጀመሩ።

የግቢው ሰዎች ግን ልጆቻቸውን ከለከሉ፤ ለወራት ተረት የምንሰማው ሁለታችን ብቻ ሆንን። ክኒኔ እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት ሲል ሁለታችንም ከመጋረጃው ጀርባ እንገባለን። ምን ማር አለ! ክኒኑ ሲያቅለሸልሸኝ ውሃ የምታቀብለኝ ሄለን ነበረች። ከሦስት ወር በኋላ ተመርምሬ ነፃ መሆኔ ሲነገረኝም ከእናቴ ቀድማ ያቀፈችኝ እሷው ናት።

ሄለን ዛሬ መድኃኒቷን ሳታዛንፍ እየወሰደች፣ አግብታ፣ ቫይረሱ የሌለባት ልጅ ወልዳለች። እኔ ከተረቶቹ ብዙውን ረስቻለሁ፤ ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። የሰፈራችን ወጣቶች ስለ ኤችአይቪ ሲነሳ «ባክሽ፣ እሱ የድሮ ነገር ነው» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ተመርመሩ እላቸዋለሁ፤ ያለ ኮንዶም አትሞክሩት፣ ምላጭና መርፌ አትዋዋሱ እላቸዋለሁ፤ የጆሮዬንም ታሪክ እነግራቸዋለሁ። አንዱን ነገር ብቻ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያን ቅዳሜ ምስጢሩ የእኔ፣ የተወጋችው ደግሞ እሷ ብትሆን ኖሮ፣ እኔ ዝም እል ነበር።